ሺራ ያልተመለሰችበት ዓመት

ሊፍት በሌለው ሕንፃ ደረጃ ላይ ፈጠን ያለ የጫማ ኮቴ ሲወጣ በሰማሁ ቁጥር፣ ዛሬም የያዝኩትን ሥራ ትቼ አዳምጣለሁ፣ ከዚያም እበሽቃለሁ። በልጅነቴ እስራኤል ውስጥ ቂርያት ጋት በምትባል ከተማ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበርና፣ ሖነኸቶቼን፣ ማለትም በሳምንት ሁለት ቀን ልጆችን በበጎ ፈቃድ ሊያስጠኑ የሚመጡትን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በር ሳያንኳኩ በኮቴያቸው አውቃቸው ነበር።

ሱኮት፣ የዳስ በዓሉ፣ አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አዲስ ሖነኸት ትመጣለች፣ ክረምቱን አብረን ከርመን ገና መላመድ ስንጀምር በጋው ይገባና ትሄዳለች፣ በዓመቱ ደግሞ ሌላዋ መጥታ «የምትወጂው ቀለም ምንድን ነው? ቤተሰብሽን ሣይልኝ» ትለኛለች። ኧረ በስንቱ! አራት ዓመት ሙሉ ያንኑ ቤተሰብ ሣልኩ፤ እናቴና እኔ ብቻ ስለነበርን ሥዕሉ ቶሎ ያልቅ ነበር።

ሺራ የመጣችው ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እሷ ስለ ቀለም አልጠየቀችኝም፤ ደብተሬን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና «ክፍልፋይ ማንም አላስረዳሽም እንዴ?» አለችኝ። እናቴ ግን እንግዳን ሳያበሉ መሸኘት ነውር ነው ብላ፣ ከፋብሪካ ጽዳት ደክማ ገብታ እንኳ ምስር ወጡን አሙቃ ታቀርባለች፣ ሺራ «አልራበኝም» ስትል «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያለች ታጎርሳታለች፣ ከሁለት ሰዓቱ ጥናታችን ግማሹ እዚያው ያልቃል። እኔ እርሳሴን ይዤ እቁነጠነጥ ነበር። ቢሆንም እንደምንም ክፍልፋይን ተማርኩ።

ከፋሲካ በኋላ ሙቀቱ ሲጀምር፣ ሺራ በስምንተኛ ክፍል መጨረሻ ስለሚሰጠው ፈተና ነገረችኝ፤ ያለፈ ልጅ ከፍተኛው የሒሳብ ምድብ ይገባል፣ መሐንዲስ የመሆን መንገዱም ይከፈትለታል፣ የወደቀ ታች ይቀራል፣ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የወጣ ልጅ ደግሞ በሰፈራችን አይተን አናውቅም። «አንድ ዓመት ብቻ እንጨምር፣ ትገቢያለሽ። ቤተሰብሽ ከጠየቀ እኔው እመለሳለሁ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል የአስጠኚዎቹ ፕሮግራም አስተባባሪ ቅጽ ይዛ ቤታችን መጣች። እናቴ ዕብራይስጥ ስለማትችል አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። አስተባባሪዋ «ልጅቷ የሚከብዳት ትምህርት አለ? ለከርሞም ሺራ እንድትመጣላት ትፈልጊያለሽ?» አለች፣ እኔም ተረጎምኩ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን በያት፣ ምንም አልጎደለብንም። ልጄ ጎበዝ ናት። ላደረጋችሁልን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ከእንግዲህ ለተቸገረ ልጅ ይሁን» አለች። ገበናን ለእንግዳ ዘርግፎ ጨምሩልን ማለት በእኛ ቤት የማይታሰብ ነበር። አገራችን ጎንደር ቢሆን ኖሮ ጠያቂዋ ይገባታል፣ «ኧረ ግድ የለሽም» ብላ ትደጋግማለች፣ እናቴም በሦስተኛው እሺ ትላለች። አስተባባሪዋ ግን አንዴ ጠየቀች፣ የሰማችውን ጻፈች፣ ደስ ብሏት ሄደች። እኔስ? ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ ነበር የተረጎምኩት፤ እናቴን እንግዳ ፊት ውሸታም ማድረግ አልቻልኩማ!

ዝናቡ ሲመለስ ሺራ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ለምትኖር ልጅ ተሰጠች። ፈተናውን ለብቻዬ አጥንቼ ተፈተንኩ፣ ወደቅሁ፣ ታችኛው ምድብ ገባሁ፣ ሁለተኛ ደረጃን እስክጨርስም ከዚያው አልወጣሁም። በእናቴ ላይ፣ በቅጹ ላይ፣ አንዴ ብቻ በምትጠይቀው በዚያች ሴትዮ ላይ ስንት ዓመት ተናደድኩ!

ዛሬ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ማሸጊያ ክፍል እሠራለሁ። አምና አንድ ቀን፣ ማሽኖቹን የሚቆጣጠሩትን መሐንዲሶች ሳይ ውዬ ብሽቅ ብዬ ገባሁና፣ የታመቀውን ሁሉ ለእናቴ ዘረገፍኩላት። ሳታቋርጠኝ አዳመጠችና፣ «እኔ ለእንግዳ የሚባለውን አልኩ። ዕብራይስጡ ያለው አንቺ ዘንድ አልነበር? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፣ ልጄ። ለምን እንደፈለግሽው አድርገሽ አልተረጎምሽውም?» አለችኝ።

አሁን በልጄ ትምህርት ቤት ለወላጆች ቀን ስጠራ፣ መምህርቷ አፏን ሳትከፍት የሚከብደውን ሁሉ እዘረዝርላታለሁ፣ አስጠኚ ስጡት እያልኩ እወተውታለሁ፣ እምቢ ስትለኝም ደግሜ እጠይቃለሁ። እናቴ ያላለችውን ሁሉ እላለሁ። ልጄ ግን አጠገቤ ተቀምጦ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ ወለል ወለሉን ያያል።