ጥቅምት ባዶ ነበር

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየሁዳዴው ስናዘዝ ትንንሾቹን ኃጢአቶቼን ደርድሬላቸው፣ እሳቸውም ስግደት አዝዘውኝ፣ ይህቺን አንዲቱን ከምላሴ ሥር እንደያዝኳት እመለስ ነበር። እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች አታውቁኝም፤ ለዚህም ነው የመረጥኳችሁ። እኔ ሰብለ፣ ድሬዳዋ ውስጥ የአውሮፕላን ትኬት የምሸጠው፣ የገዛ እህቴን ሦስት ዓመት ሙሉ ዋሽቻታለሁ።

እያለቀስኩ የምጽፍ እንዳይመስላችሁ። ስጽፍ ሳቄ ይመጣል። በዚህ ነገር ተሸንፌያለሁና፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሽንፈት ደስ ያለኝ ድል የለም። ግን ሽንፈቱ ያማረ መሆኑ ሥራዬን አያሳምረውም፤ እሱን ነው ልናገር የተነሣሁት።

እህቴ ጥሩወርቅ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የተሰፋ ልብስ ጥራት ትቆጣጠራለች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ። ጓደኛዋ ሃዋ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ልብስ ትሸጣለች፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ድሬ አንቱ ብሎ ነገር የለም፣ እኔም ሁለቱንም አንቺ እያልኩ ነው ያደግኩት። እነዚህ ሁለት ሴቶች አንድ ልማድ አላቸው። ጥሩዬ በረመዳን ሃዋ ፊት ውሃ አትጠጣም። ሃዋም ጥሩዬ ስትጾም ሥጋ ከፊቷ አታቀርብም፣ ራሷም አትቀምስም። ማንም አላዘዛቸውም፤ እንዲሁ ሲያደርጉት ኖረዋል። እኔ ይህን ደግ ልማዳቸውን ነው አንስቼ የመታኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ሃዋ አንድ ቀን ስልኳ ላይ የዛንዚባርን ባሕር አየች። አባታችን የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ጅቡቲ እየተመላለሰ ስለ ባሕር ያወራልንና እወስዳችኋለሁ ይለን ነበር። ሳይወስደን ሞተ። ጥሩዬ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ሲል ባሕር አይታ አታውቅም። ሃዋም ይህን ስለምታውቅ እጇን ጎትታ እኔ ቢሮ አመጣቻት።

«አቦ ሰብሊ! ይህን ውሃ ሳንረግጥ አንሞትም፣ ወላሂ! የሙያው ሰው አንቺ ነሽ። መቼ እንቁረጥ?» አለችኝ።

«ስንት ሰው?» አልኩ፣ ጣቴን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጌ።

«ሁለት» አለች ጥሩዬ። ከዚያ ሃዋን አየቻት፣ ሃዋም አየቻት፣ ሁለቱም ሳቁ።

ሁለት! እኔ ግን ሦስተኛ ልባል ጠብቄ ነበር። ያቺ ሳቅ በእኔ ላይ መሰለችኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ትኬት የምቆርጥ፣ ስንቱን ሙሽራ ለጫጉላ የምሸኝ፣ እኔ ግን ከአዲስ አበባ አልፌ የማላውቅ፤ ለእኔ የሚሆን ወንበር አላገኙም? በዚያው ሰሞን ጥሩዬ ደግሞ፣ «ትኬት ሻጭ ሆነሽ ፓስፖርት የለሽም፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ!» ብላ ተረበችኝ። በንዴት ሄጄ አወጣሁ። አውጥቼም ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት።

እናም አዘገየኋቸው። እኔ ነኝ ያዘገየኋቸው። እዚህ ላይ ማንንም አላሳብብም።

እንዴት መሰላችሁ? በቀን መቁጠሪያ። የእኛንም የእነ ሃዋንም ጾም የያዘ አንድ ትልቅ ቀን መቁጠሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ነበረኝ። መጀመሪያ ሁዳዴና ረመዳን አሉ፤ በጾም ባሕር ዳርቻ ምን ሊደረግ? ከዚያ ዛንዚባር ዝናብ ነው። ከዚያ ዓረፋ ነው፣ ሃዋ ከቤቷ አትጠፋም። ነሐሴ ፍልሰታ ነው። መስከረም ለበዓል ሁሉም ሰው ይንቀሳቀሳል። ኅዳር ላይ ጾመ ነቢያት ይገባል። ታኅሣሥ ቁልቢ ገብርኤል ነው፣ ወደ ድሬ የሚመጣው አውሮፕላን ጢም ይላል። ጥምቀት ነው፤ ኧረ ደግሞ ረመዳን ደረሰ! እንዲህ እያልኩ ዓመቱን እንደ ብስክሌት ጎማ አዞርኩት። እነሱም አንዷ ለሌላዋ ጾም ሲሉ፣ «እውነትሽን ነው፣ ይቆየን» ይሉኝ ነበር።

ጥቅምት ግን ባዶ ነበር። ጾም የለ፣ ዝናብ የለ፣ ግፊያ የለ። አውቅ ነበር፤ አላየሁትም አልልም። ሃዋ አንዴ ጣቷን በጥቅምት ላይ አሳርፋ፣ «ይህስ?» ስትለኝ፣ «ትንሽ ታገሡ፣ ይረክሳል፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» አልኳት። አንድ ዓመት እንዲህ ብዬ አሳለፍኩ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውንም እንዲሁ። በየዓመቱ ጥሩዬ የዓመት ፈቃዷን አስፈቅዳ፣ ቤት ቁጭ ብላ ታሳልፈዋለች።

በዚህ መሐል ጉልበቷ ታመመ። በመጀመሪያው ዓመት ደረጃ ስትወርድ ያዝ ያደርጋት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ባጃጅ ውስጥ ስትገባ እግሯን በእጇ አንሥታ ታስገባ ጀመር። በሦስተኛው ምርኩዝ ያዘች። ሐኪሙ ነገሩ እየባሰ እንደሚሄድ ነግሯታል፤ ሐኪም ቤትም የወሰድኳት እኔ ነኝ፤ ከጎኗ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ሰምቼስ? ተመልሼ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጥኩና አሁንም «ታገሡ» አልኩ። ቅናት ነው ብዬ ልለፈው? ቅናትስ አንድ ቀን ያቃጥላል፤ ሦስት ዓመት የሚሠራው ግን ክፋት ነው። ያጎረሰችኝን እጅ እየሳምኩ እግሯን አሰርኩ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጾመ ነቢያት በገባ በሳምንቱ፣ ድሬ በምሳ ሰዓት ጭር ባለችበት፣ ሃዋ ጥሩዬን ደግፋ ቢሮዬ ገባች። አፌን ከፍቼ ስለ ጾሙና ስለ ቁልቢ ልጀምር ስል እጇን አነሣች።

«ቆይ አቦ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባሕር ማየት ጾም ይገድፋል እንዴ?»

ጥያቄዋንም ራሷ መለሰችው።

«አይገድፍም! ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ ቄስ ጠይቄያለሁ፤ ቄሱ እስኪደክማቸው ሳቁ። እኔ ከጥሩዬ ጋር የጾም እበላለሁ፣ ለገብርኤል እንመለሳለን፣ አለቀ!» አለችና ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። የእህቷ ልጅ በስልክ ቆርጣላቸዋለች። ስሞቹን አነበብኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ሦስተኛው የእኔ ነበር።

«ፓስፖርትሽን ከቁም ሳጥንሽ የሰረቅኩት እኔ ነኝ» አለች ጥሩዬ፣ እንደ ልጅ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። «ከመጀመሪያውም ሦስተኛ አድርገን ድንገት ልናስደስትሽ ነበር። ብንነግርሽ እኔ ይቅርብኝ ትያለሽ፤ አውቅሻለሁ። ቀኑን እስክትነግሪን ብቻ ነበር የምንጠብቀው።»

ሃዋ ቢሮው ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው። አለቃዬ ከጓዳው ብቅ ብሎ አጨበጨበ፤ ለካ ፈቃዴን ቀድመው ጨርሰውታል። እኔ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ እነሱም በደስታ ነው ብለው ጀርባዬን መቱኝ። እንዴት አድርጌ ያን ሰዓት አፌን ልክፈት? ሦስት ዓመት ስቆልፈው የኖርኩት በር የራሴ ኖሯል። እዚያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ይህ ሁለተኛው በደሌ ነው።

እናም ሄድን! ከድሬ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዛንዚባር። ሃዋ አውሮፕላኑ ሲነሣ ዓይኗን ጨፍና ቁርአን ቀራች፣ ጥሩዬ አማተበች፣ እኔ የሁለቱን እጅ ይዤ በመስኮት አየሁ። እዚያም ባቄላ በኮኮናት ወተት እየሠሩ አበሉን። ጥሩዬ አጠገባችን ሰዎች የሚበሉትን የተጠበሰ ዓሣ አሻግራ እያየች፣ «ገብርኤል ይየኝ፣ አልነካሁም!» ትል ነበር።

በሁለተኛው ቀን ወደ ውሃው ወረድን። ምርኩዙን አሸዋው ላይ ጣልነው። ሃዋ በቀኝ፣ እኔ በግራ፣ በታመመው ጉልበት በኩል፣ ብብቷ ሥር ገብተን አስገባናት። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ሲነካት ጮኸች። ጉልበቷ ሲደርስ ሁለታችንንም ጨምቃ ያዘችን። ወገቧ ሲደርስ ግን ክብደቷ ከትከሻዬ ላይ ቀለለ፤ ባሕሩ ተሸከማት። ያኔ ሳቀች፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። «አባዬ! አየሁት!» ብላ ጮኸች። ሃዋ እልል አለች፣ እኔም እልል አልኩ፤ የማናውቃቸው የአገሩ ሴቶችም ከዳር ሆነው ተቀበሉን።

ከዚያ ጥሩዬ ወደ እኔ ዞረች፤ ምንም ሳትጠረጥር፣ ፊቷ ረጥቦ፣ «ሰብሊ፣ እኛ እኮ ምን ስንጠብቅ ነው የከረምነው?» አለችኝ።

ቀድማ ብትመጣ ኖሮ በራሷ እግር ሮጣ ትገባበት የነበረውን ባሕር፣ ብብቷን ይዤ አሳየኋት፤ መልስ ግን አልሰጠኋትም።

ዘንድሮ ሁለቱ ሌላ ደሴት መርጠው መጡ። «መቼ እንቁረጥ?» አሉኝ። ሃዋ ጥያቄዋን ሳትጨርስ «ጥቅምት» አልኩ፤ ቀን መቁጠሪያውን አላየሁም። እዚያው፣ በዓይናቸው ፊት ሦስት ትኬት ቆረጥኩ። እንዲህ ቀላል ነበር!

ጥሩዬ፣ ለማያውቁኝ ሰዎች ብቻ ነግሬ ልተወው አልቻልኩም፤ ይህን ወረቀት ሃዋ ታነብልሽ ዘንድ እሰጣታለሁ፤ ፊት ለፊት ሆኜ ከጀመርኩት ማሳመሬ አይቀርም። ምን ስንጠብቅ እንደከረምን ጠይቀሽኝ ነበር። እኔን ነው። የእኔን ቅናት ነው ስትጠብቁ የከረማችሁት። ጾሙም ዝናቡም ግፊያውም ከደሙ ንጹሕ ናቸው። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ አለኝ፤ ይቅር የምትይበትን ቀን ግን እኔ አልቆርጥልሽም፤ ቀን ስቆርጥልሽ የሆነውን አይተሻል።

የጥቅምቱ ትኬት በእጅሽ ነው። ይህን ሰምተሽ ከጎንሽ እንድሆን ካልፈለግሽ ወንበሬን ለሌላ ስጪ፣ አልቀየምም። ብቻ በግራ በኩል የሚይዝሽ ሰው ጠንካራ ይሁን።