ጫፉ ለቆሮሶ፣ ወገቡ ለአምባዛ

የቀርከሃ ወንበር ሲጢጥ ሲል በሰማሁ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። መቀሌ፣ ሓወልቲ አካባቢ ከባለቤቴ ጋር የምናዘወትረው ካፌ ወንበሮቹ ሁሉ ቀርከሃ ናቸው፤ ሰው ወደ ኋላ ደገፍ ሲል ሲጢጥ ይላሉ፤ እኔም ብርጭቆዬን እንደያዝኩ በልጅነቴ ሓድነት ሰፈር ወደነበረው የኪራይ ግቢያችን እመለሳለሁ።

አባቴ የወሎ ሰው ነበር፤ ሐይቅ በምትባለው ከተማ ውሃው ዳር ተወልዶ፣ ዓሣ እያጠመደ አድጎ፣ ሥራ ፍለጋ መቀሌ መጥቶ፣ ግድግዳ ለሳኝ ሆኖ፣ የመቀሌ ልጅ የሆነችውን እናቴን አገባ። በጋውን ከሲሚንቶ ጋር ሲታገል ውሎ ፂሙ ነጭ ሆኖ ሲገባ፣ ታናሽ እህቴ ሐያትና እኔ «ሽማግሌው መጣ!» እያልን እንስቅበት ነበር። እሱም እያነከሰ ሽማግሌ ሆኖ ያባርረን ነበር።

ክረምት ሲገባ ግን ሥራው ይቀዘቅዝና፣ አባቴ በር ላይ ተቀምጦ ዝናቡን እያየ ስለ ሐይቅ ማውራት ይጀምር ነበር። ወንድሙ ታንኳ አለው፤ ዓሣው እንደ ጉድ ነው። አንድ ክረምት «ለአንድ ወር» ብሎ ሄዶ፣ አዝመራው ታጭዶ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ ነበር የተመለሰው፤ እናቴ እነዚያን ወራት መኪና በቆመ ቁጥር ብድግ እያለች አሳለፈቻቸው። በቀጣዩ ክረምት ሻንጣው ታጭቆ እንደገና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። የጎረቤታችን ባል እንደዚሁ ሻንጣ ይዞ እንደወጣ ቀርቶ ስለነበር፣ እኔ በጣም ፈራሁ።

«ውሃ እዚህም አለ» አለችው እናቴ አንድ ጠዋት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የመስኖ ግድብ ማለቷ ነበር። «አምባዛም አለው ይላሉ።»

«በምን ላወጣው? ታንኳው ያለው እዚያ ነው» አለ አባቴ።

«ዘንግ ፈልግ።»

«ወላሂ፣ ከዳር ሆኜ አንድ አምባዛ ካወጣሁ ሻንጣዬን እፈታለሁ!» አለና ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

በማግስቱ ዝናቡ ጋብ ሲል ሦስት ዘንግ ይዞ መጣ፤ አንዱ ባሕር ዛፍ፣ አንዱ ሸምበቆ፣ አንዱ ቀርከሃ። «ጫፉ ለቆሮሶ፣ ወገቡ ለአምባዛ» ይል ነበር። ቆሮሶ ትንሿ ዓሣ ናት፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቡሽ ነካ አድርጋ ስለምትሸሽ የዘንጉ ጫፍ ካልለሰለሰ አትያዝም፤ አምባዛ ደግሞ ጢማሙ ግዙፉ ዓሣ ነው፣ የዘንጉ ወገብ ካልጠና ሰብሮት ይሄዳል። አባቴ ሁለቱንም የሚችል አንድ ዘንግ ነበር የሚፈልገው። የሚመርጥበትም መላ ነበረው፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን የናይለን ክር ወገባችን ላይ አስሮ፣ ዘንጉን እሱ ይዞ፣ እኛን ዓሣ አድርጎ «ሩጡ!» አለን።

ሐያት ቆሮሶ ሆና ሮጠች፣ ቀጥዬ እኔ ሮጥኩ፣ ሦስቱም ዘንጎች ቻሉን። «አሁን ከባድ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ» ሲል እናቴ ልብስ ማጠቧን ትታ፣ አረፋ ያለበትን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ ክሩን ወገቧ ላይ ራሷ አሰረችና ወደ አጥሩ በር ሮጠች። ባሕር ዛፉ ግትር ስለነበር ንቅንቅ ሳይል ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ሸምበቆው ጎበጠ፣ ጎበጠና ከመሃሉ ቀጭ አለ።

«አንቺ ሴት፣ አምባዛ ነሽ ወይስ ጎርፍ?» አላት አባቴ፣ የተሰበረውን እየወረወረ።

«ዋእ! አምባዛው ሊያዝንልህ ነው?»

የቀረው ቀርከሃው ብቻ ነበር። እሱ ከተሰበረ ሻንጣው ይነሳል። እንባዬ መጥቶ «አደይ፣ ቀስ በይ!» ብዬ እናቴን ለመንኳት። ዞር ብላ አየችኝ።

«ዝም በይ ጓለይ። የሚሰበር ከሆነ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ይሰበር።»

ከዚያ ባላት ኃይል ሁሉ ጎተተች። ቀርከሃው ጫፉ መሬት እስኪነካ ጎብጦ ሲጢጥ አለ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። አባቴ ግን አልታገላትም፤ ወደ በሩ ስትሮጥ በእርምጃው ክር እየሰጣት ተከተላት፣ ስትደክም ቀስ አድርጎ ሳባት፣ እንደገና ስትሮጥ እንደገና ሰጣት፤ በመጨረሻ እያለከለከች ደረቱ ድረስ መጣች። ለብዙ ቀን ሳይተያዩ እንደከረሙ ሰዎች ቆመው ተያዩ።

«ይኸኛው ነው» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ወደ መስከረም ግድም፣ ውሃው ገና ድፍርስ ሳለ፣ አራታችንም ግድቡ ዳር ተቀመጥን። ጠዋቱን ሙሉ ቡሹን አፍጥጠን አየን። ድንገት ቡሹ ጠለቀ፣ ቀርከሃው ሲጢጥ አለ፣ አባቴም በድንጋጤ እንደ ጀማሪ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ።

«ስጠው! እኔን እንዳደረግኸኝ አድርገው!» ጮኸች እናቴ።

ሰጠው። ጭቃው ውስጥ እየተራመደ ሰጠው፣ ሳበው፣ ሰጠው፤ ጢማሙ አምባዛ ሣሩ ላይ ሲዘረጋ ሐያት ጮኻ ሸሸች። የዚያን ዕለት ማታ ሻንጣው ተፈታ፣ ሸሚዞቹም ተመልሰው ምስማሩ ላይ ተሰቀሉ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ክረምቱን ሁሉ ከእኛ ጋር አሳለፈ።

ዘንጉ ዛሬም እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። እኔና ባለቤቴ አሁን የምንኖረው መቀሌ ዳር፣ ቃላሚኖ አካባቢ ነው፤ እሱ ሩቅ አገር ሥራ አግኝቻለሁ ካለኝ ሰንብቷል፣ ሻንጣውም በሩ አጠገብ ነው። ትናንት ካፌው ውስጥ ወንበሩን ወደ ኋላ ደገፍ ብሎ «ምን ትያለሽ?» ሲለኝ፣ ቀርከሃው ሲጢጥ አለ፤ እኔም ፈገግ ብዬ «እንደመሰለህ» አልኩት። እንደ ጨዋ ሰው በሰላም እየኖርን ነው፣ ድምፃችን ከፍ ብሎ አያውቅም። እናቴ ባላት ኃይል ሁሉ ጎትታ ነበር፤ እኔ ግን ክሩን ወገቤ ላይ እንኳ አላሰርኩም።