ልጄ፣ አረቄው እና የቅዳሜው ስብሰባ

መጀመሪያ ያየሁት እጁን ነው። ልጄ ታደለ ጠዋት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። የደብረ ብርሃን ብርድ መስሎኝ ሹራብ ደረብኩለት። ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ስለሚገባ ድካምም ይሆናል አልኩ። አንድ ቀን ሳላንኳኳ ስገባ አረቄ በውኃ ብርጭቆ ሲጨልጥ አገኘሁት። ጥቂት ቆይቶ የእጁ መንቀጥቀጥ ጸጥ አለ። ዓይን ዓይኔን እያየ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈና፣ «አየሽ እማ፣ መድኃኒቴን ነው የወሰድኩት» ብሎ ሳቀ።

ከሥራ ተባረረ። የሟች አባቱን ካፖርት ሸጦ ጠጣ። እንዲተው ስለምነው፣ «አባቴም ካንቺ ለመገላገል ነው የሞተው» አለኝ። የምጽፈው እንዲህ ያለ ቃል ከልጇ አፍ ለምትሰማ እናት ነው።

አንኮበር ያለው ወንድሜ ዘነበ ጉዳችንን ሰማ። «እኔ ጋ አምጪው። ጠብታ ሳይቀምስ ገብስ ሲያጭድ ይለቀዋል» አለ። ይዤው ሄድኩ። ወንድሜ የቤቱን ጠላ እንኳ ወደ ጎረቤት አሸሸ። ያሰብነው ለበጎ ነበር።

ታደለ በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀው። የበላውን አስመለሰው። እንቅልፍ አጣ። ግድግዳው ላይ የሌለ አይጥ ያባርር ጀመር።

ከዚያ ወደቀ። ጥርሱ ገጠመ። አረፋ ደፈቀ። ጎረቤት ሮጦ መጣ። «የሚጥል በሽታ ነው! አትንኩት፣ ይጋባል!» አሉ። ላቅፈው ስል ጎትተው ያዙኝ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያዘለት። ጭሱ ያነቃል ይባላል። አልነቃም። ሌላ ጫሩ። ሌላም ጫሩ። ከንፈሩ ተቃጠለ። ሽታው መጣ። እኔ ተይዤ ቆሜ አየሁ።

በእህል ጫኝ አይሱዙ ደብረ ብርሃን አደረስነው። ሐኪሙ ወጣት ነው። ከንፈሩን አይቶ፣ «ክብሪት ነው?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

«እናቴ፣ ይሄ ጋኔን አይደለም። አይጋባምም። አልኮል ዊዝድሮዋል ይባላል። ለዓመታት የለመደ ሰውነት በአንድ ጊዜ ሲከለከል እንዲህ ያደርገዋል። ሲብስ ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሆናል፤ እሱ ይገድላል።»

«እኛ እኮ ልናስተወው ነው።»

«በሐኪም እጅ ነው የሚተወው።»

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እነዚህን ቃላት የያዝኳቸው ሐኪሙ እስኪገባኝ ድረስ ደጋግሞ ስለነገረኝ ነው። ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ በመርፌ ሰጡት። ታያሚን የሚባል ቫይታሚን ከግሉኮስ ጋር አንጠለጠሉለት። እጁን ከአልጋው ብረት ጋር በፋሻ አሰሩት። አላወቀኝም። «ይቺ ሴትዮ ልትገድለኝ ነው፣ አስወጡልኝ!» እያለ ጮኸ። ነርሷ አስወጣችኝ።

ሲሻለው ሐኪሙ እንዲህ አለኝ፦ «መድኃኒቱ ሰውነቱን ነው ያተረፈው። ጥማቱ ገና አለ፣ ብቻውን አይችለውም። መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰቡበት ቤት አለ።» ሰፈሩን ነገረኝ፤ ቤቱን ግን እሱም አያውቀውም።

ቅዳሜ ሰፈሩን ዞርን። አንድ ዘበኛን፣ «ወንድሜ፣ መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የሚሰበሰቡት የት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«በደብረ ብርሃን?» ብሎ በሳቅ ፈረሰ። «የሚጠጡት ማዶ አረቄ ቤት ናቸው። የሚተው ሰው ግን እዚህ አገር ያየሁት ሲቀበር ነው።»

ታደለም ሳቀ። «ሰማሽ? ማዶውን ቤት እኔ አሳይሻለሁ፤ ያውቁኛል።»

ያዳነችን ድንች የምትሸጥ ሴት ናት። ሰምታን ኖሮ እቃዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ፣ «ባሌም እዚያ ስብሰባ ላይ ነው የሚውለው፣ እታለም፣ ነይ» አለችና ከአንድ አናጢ ቤት ጀርባ አደረሰችን። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈበትም፤ ገባን። ሰብሳቢው ጋሽ ደምሴ የሚባሉ፣ በደብረ ሲና መንገድ ከባድ መኪና ይነዱ የነበሩ ሰው ናቸው።

«እሱ ይቀመጥ። እርስዎ ውጭ ይቆዩ» አሉኝ።

«እናቱ ነኝ እኮ!»

«ለዚሁ ነው። እናቱ ፊት እውነቱን አያወጣም።»

ወደ ልጄ ዞርኩ። «ትውጣ» አለ።

ደጅ ሰጋቱራ ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። የልጄ ሳቅ ነበረበት። ለዓመታት ያልሰማሁት፣ በእኔ ላይ ያልሆነ ሳቅ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅናት አንገበገበኝ።

እየሄደ ወራት ካለፉ በኋላ ጎረቤት ማኅበር ላይ ጠላ ሰጡት። እምቢ ሲል፣ «የመልአኩን ጽዋ ልትንቅ ነው? አፍህን አርጥብ!» አሉት። አረጠበ። በማግስቱ ከቦይ ውስጥ አነሣሁት።

ወደ ስብሰባው ተመለሰ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በገባ ቁጥር ስስመው አሸተው ጀመር። ነቃብኝ። ፊቴ ላይ እፍ እያለ፣ «አሽቺ! ውሻ ነሽ እኮ፣ አሽቺ!» አለኝ። ለጋሽ ደምሴ ሄጄ አለቀስኩ። አላባበሉኝም።

«እኔንም ሚስቴ ታሸተኝ ነበር። ካልታመንኩ አይቀር ብዬ ጠጣሁ። ከሳሙት ይሳሙት። ምርመራውን ይተዉ» አሉኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻውን ሄደ። ልከተለው ነጠላዬን ለብሼ መልሼ አወለቅኩት። አመሻሹ ላይ በሩ ተከፈተ። ጉንጩን ሰጠኝ። ትንፋሼን ይዤ ሳምኩት። ጠጥቶ እንደሆነ አላወቅኩም። እራቱን አቀረብኩለት፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ በላ፣ እዚያ ስብሰባ ላይ ስለተባለውም ጥቂት ጥቂት እያለ ያጫውተኝ ጀመር። ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳል። ከንፈሩ ላይ ጠባሳው አለ።

ሐኪሙን፣ ነርሷን፣ ያቺን ድንች ሻጭ፣ ጋሽ ደምሴንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናንተ ግን ስሙኝ። ብዙ የሚጠጣን ሰው በአንድ ቀን አታስተዉት፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ከወደቀ በጎኑ አስተኙት፤ ክብሪት አታሽቱት። ማኅበር ቤት እምቢ ያለውን ሰው በመልአክ ስም አትለምኑት። ስብሰባውን ፈልጉለት፣ ቢስቁባችሁም ጠይቁ፣ በሩ ድረስ አድርሱት። «ውጪ» ሲሏችሁ ውጡ። ያማል። ግን ውጡ።