የገብረጻድቃን የመጨረሻ መርዶ

ካዛንቺስ እያለን ወሬ የሚባል ነገር አይደበቅም ነበር። አንዲት ልጅ ማርገዟን ሳታውቅ ሰፈሩ ለልጁ ስም አውጥቶ፣ በስሙ ተጣልቶ፣ ታርቆ ይጨርስ ነበር። ሐሜት ያሳደገን ሰዎች ነን፣ ምን ይደረግ። አንድ ነገር ብቻ ከማናችንም አፍ አያመልጥም፤ መርዶ። የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል። የሟች እናት ሱቅ ስኳር ስትገዛ እያያት "ደህና አመሸሽ?" ይላታል፣ ሲነጋ ገብረጻድቃን እስኪነግራት ድረስ።

ገብረጻድቃን ጎሚስታ ነው። ቀን ቀን ጎማ ይለጥፋል፣ ይነፋል። መርዶ ሲመጣ ግን ታጥቦ፣ ጋቢውን ደርቦ ከፊት የሚሄደው እሱ ነው። ማንም አልሾመውም፣ አነጋገሩን ያውቅበታል፣ በቃ። "ሞተ" የምትለዋን ቃል ከአፉ የሰማ የለም። መጀመሪያ ጉልበት ያላቸውን ሴቶች ግራና ቀኝ ያስቀምጣል። ከዚያ "እስቲ ቁርስ ቅመሱ" ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚበላ አንጀት እንደማይኖር ያውቃላ። ቀጥሎ የገዛ እናቱን ሞት ማውራት ይጀምራል፤ ቀስ እያለ፣ እየዞረ፣ ሰውየው ራሱ ደርሶበት እስኪጮህ። ሲጮህም እቅፉ ውስጥ ነው። "እኔ ስሞት ለልጆቼ ገብረጻድቃን ይንገርልኝ" ብለው የተናዘዙ ሽማግሌዎች ነበሩን።

ሰፈሩ ሲፈርስ ተበተንን። ገብረጻድቃን ጎማውን ይዞ ቄራ ወረደ። የወሎዋ ባለሱቃችን ዘሃራ መስቀል ፍላወር ጠባብ ቤት ተከራየች። ወንዱን ሁሉ በትግርኛ "ወደይ"፣ ልጄ፣ የሚሉት አደይ ትበርህ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ ላይኛው ፎቅ ወጡ። የተረፈችን ካዛንቺስ ስልክ ውስጥ ያለችው ግሩፕ ናት። ስሟ "አልፈረስንም" ነው። እንግዲህ ፍረዱ።

አደይ ትበርህ ማንበብ አይችሉም። ግሩፑ ውስጥ ያስገባቸው አንድ ልጃቸው ፍሰሃ ነው። የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ስለሆነ እሱ ሲወጣ ብቻቸውን ናቸው፤ ቢያንስ የሰው ድምፅ ይስሙ ብሎ ነው። ስለዚህ ግሩፑ የራሱ ሕግ ነበረው፤ አደይ እንዲሰሙት የምንፈልገውን በድምፅ እንልካለን፣ እንዲሰሙት የማንፈልገውን እንጽፋለን። ስለ ሽሮአቸው ቅጥነት ስንጽፍ የከረምነውን እግዜር ይቁጠረው።

በቅርቡ አፑ አዲስ ነገር ይዞ መጣ፤ የተጻፈልህን እንደደረሰ በአማርኛ ጮክ ብሎ ያነብልሃል። ገብረጻድቃን ደግሞ ስልክ ላይ አዲስ ነገር ካየ ጣቱ አያርፍም። ፊትን ወጣት የሚያደርገው ነገር የመጣ ሰሞን፣ በስህተት ራሱን ኮረዳ አድርጎ ለጥፎ የትዳር ጥያቄ ቀርቦለታል። ይሄኛውን ሲያይ ግን ቀልድ አልታየውም። አደይን ሊጠይቅ ሄዶ ስልካቸው ላይ ከፈተላቸው።

ድምፁ የሴት ነው። አራት ነጥብ ላይ እንኳ የማትተነፍስ ችኩል። ምስሎቹንም አታልፍም። ዘሃራ የላከችውን ቀልድ አንብባ ስትጨርስ "የሚስቅ ፊት፣ የሚስቅ ፊት፣ የሚስቅ ፊት" ስትል አደይ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"ገብረ ወደይ፣ ይቺ ልጅ የማን ናት?"

"የማንም አይደለችም አደይ። ማሽን ናት።"

"ምስኪን። በል ትቀመጥ፣ ቤቱ ሰው አጥቷል።"

ገብረጻድቃን ቄራ ተመለሰ፣ ጎማ ጠበቀው፣ ለግሩፑ መንገሩን ረሳው።

በሳምንቱ አመሻሽ ላይ የፍሰሃ ረዳት ደወለለት። መኪናው ከአዋሽ ወዲያ ተገልብጧል። ፍሰሃ አልተረፈም።

ገብረጻድቃን ለዘሃራ ደወለ። ዘሃራ እያለቀሰች ግሩፑ ላይ ጻፈች፦ "ያ ጀመዓ፣ ፍሰሃችን አርፏል። አደይ ትበርህ እንዳይሰሙ አደራ በሰማይ አደራ በምድር። ሲነጋ በራቸው ላይ እንገናኝ።" ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶች ደረደረች። እኛም ደረደርን። አንዱ ደንግጦ "አደይ እኮ እዚሁ ግሩፕ ውስጥ ናቸው!" ብሎ ጻፈ። ገብረጻድቃን ወዲያው መለሰለት፦ "ችግር የለም፣ ማንበብ አይችሉም።"

ዕድሜ ልኩን ያወቀውን ነገር አንድ ሳምንት ከየት ያስረሳዋል? ጣቱ ጻፈች እንጂ እሱ አላሰበም።

ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን ወጣን። ሊፍቱ አይሠራም። እስከ ላይኛው ፎቅ በደረጃ ነው። ገብረጻድቃን ዘሃራ የሠራችውን ቂጣ ፍርፍር በሳህን ይዟል። ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ በሩ ክፍት ነው።

አልጋው ተነስቶ ግድግዳ ተደግፏል። ለለቀስተኛ እንደሚነጠፈው ወለሉ ከጥግ እስከ ጥግ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። አደይ ትበርህ ጥቁር ለብሰው መሐሉ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደረቅ ነው።

"ግቡ" አሉ። "ደረጃው ገደላችሁ።"

ገብረጻድቃን የለመደውን ጀመረ። "አደይ፣ እስቲ ቁርስ…"

"የሚያለቅስ ፊት አለችኝ" አሉ። "የሚያለቅስ ፊት፣ የሚያለቅስ ፊት። በቃሽ ብላት አትሰማም። ማጥፊያውን አላሳየኸኝም እኮ።"

ዘሃራ ሳህኑን ከእጁ ተቀበለችው።

"ማንበብ አይችሉም ያልከውንም አነበበችልኝ።"

"አደይ፣ እኔ…"

"ተወው፣ ተቀመጥ። አልጮህኩም። ለማሽን አይጮህም ብዬ ጠበቅኩህ።" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እንዳልሰማሁ ቁጠረኝ። ለሰው ሁሉ እንደምትነግረው አድርገህ ንገረኝ። ከእናትህ ጀምር።"

ዘሃራና ሌላ ሴት ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ገብረጻድቃን ፊታቸው ተንበረከከ።

"እናቴ…" አለ። እንደገና ሞከረ። "እናቴ ያረፈች ዕለት…"

እኛ ለመጮህ ተዘጋጅተናል። አደይ ዓይናቸውን አፉ ላይ ተክለው ጠበቁት። ያ ሁሉ ሰው የተጽናናበት አፍ አንዲት ቃል አጣ። ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ ደፍቶ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ በስተመጨረሻ አደይ ራሳቸው አቀፉት።

"አይዞህ" አሉት። "አይዞህ ወደይ።"

አርባው ወጣ። ገብረጻድቃን ዛሬም ቄራ ጎማ ይለጥፋል፤ ለመርዶ ቢጠሩት አይሄድም። መጥራቱም ቀርቷል። ሰው ሲሞት ግሩፑ ላይ ይለጠፋል፣ ከሥሩ ፊት ደርድረን እናልፋለን።

ዘሃራ ሰሞኑን ሰንጋ ተራ ሄዳ ነበር።

"ወላሂ እስካሁን አላለቀሱም" አለችኝ። "'አደይ፣ ይውጣልዎት እንጂ፣ ሆድዎ ውስጥ ይዘው እስከ መቼ?' አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? 'ገና አልተነገረኝም' አሉኝ።"