ያ ክሬም ከአዲስ አበባ አልመጣም
አዳዳ የምንላቸው የአባቴ እህት ካረፉ ሳምንት ሆናቸው። ነቀምቴ ያለው ወጥ ቤታቸው ተቆልፏል፤ እኔም ንዴቴ አልበረደም።

አዳዳ የኬክ ሙያን የተማሩት በፈረንጆች ሚሲዮን ቤት ሲሠሩ ነው። ለቸኮላት ክሬም ቅቤውን በእንጨት ማንኪያ እየመቱ እስኪነጣና እስኪቀል ይጠብቁ ነበር። ካካዎውን ቶሎ ልጨምር ስል እጄን ይይዙኛል። «ሱታ!» ይሉኛል በኦሮምኛ። «ቀስ በይ ልጄ! አየር ያልገባው ክሬም ጭቃ ነው።»

አንድ ጊዜ ለአንድ ሹም ልጅ ሠርግ ኬክ ሠሩ። የሹሙ ባለቤት ለእንግዶቹ «ከአዲስ አበባ ያስመጣነው ነው» አሉ። አዳዳ ሳህን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ሰሙ።

«እመቤቴ፣ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ቢመጣ ኖሮ ክሬሙ እዚህ አይደርስም ነበር» አሉ። «ዛሬ ጠዋት እዚሁ ጓሮ የመታሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት አልተጠሩም።

በቀብራቸው ዕለት ደግሞ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «የፈረንጆች ቤት ሠራተኛ ነበሩ» ተብሎ ታለፈ። ያነበቡትን ሽማግሌ ተከትዬ፣ «አባባ፣ ባለሙያ ነበሩ ብለው ድጋሚ ያንብቡልኝ» አልኳቸው።

«አሁን እኮ ሰው ሁሉ ሄዷል ልጄ» አሉኝ።

ስለዚህ እኔ ጻፍኩት።