የጎረቤቴ ልጅ ሩጫ

በሐረር፣ በኤረር በር አጠገብ ባለችው ትንሽ ሱቄ ልብስ ስሰፋ፣ የጎረቤቴ ልጅ ገባችና በሩን ገርበብ አደረገችው። ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች።

«እትዬ፣ የሩጫ ልብስ ስፊልኝ። እጅጌው ረጅም፣ ሱሪው ሰፋ ያለ ይሁን። አባባ ግን እንዳይሰሙ።»

አባቷ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ የተከበሩ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ። እኔ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወታደር ልጅ ስለሆንኩ በሰው ቤት ጉዳይ መግባት አልወድም። ነገር ግን ልጅቱ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ በከተማው ግንብ ዙሪያ ስትሮጥ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። አንጀቴን በላችው፤ ሰፋሁላት።

በሳምንቱ አባቷ ሱቄ በር ላይ ቆሙ።

«አንቺ ነሽ የሰፋሽላት?»

«እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። «ወላሂ፣ የከፋኝ መደበቋ ነው» አሉ። «ባለፈው ጉልበቷ ቆስሎ ስትመጣ ደረጃ ላይ ወደቅኩ አለችኝ። አጥቤ ያሰርኩላት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ንጋት ላይ እሷ ስትሮጥ እሳቸው በባጃጅ ከኋላ ይከተሏት ጀመር። ሰው ሲስቅባቸው አልሰሙም ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አዲስ አበባ ያለ ክለብ ወሰዳት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ማራቶን ስታሸንፍ ሰፈሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አየ፤ አባቷ ግን ማየት አቅቷቸው ውጭ ቆመው ዱዓ ሲያደርጉ ነበር። ደግማም አሸነፈች።

ከዚያ አግብታ ወለደች። ከወሊድ በኋላ በሮጠችው የመጀመሪያ ውድድር መንገድ ላይ አቋርጣ ወጣች፤ እግሯን አሟት ነው ተባለ። ልጇን ታቅፋ ሐረር መጥታ ቤት ዋለች። እልል ያለላት ሰው ሁሉ «እሷማ አበቃላት» ይል ጀመር።

ልጠይቃት ስሄድ ሕፃኗን እያጠባች ነበር። «እግርሽን ተሻለሽ?» አልኳት።

«አንቺም እግሬን?» አለችኝ። «እግሬ ደህና ነው፣ እትዬ። ጡቴ ነው። ወተቱ ሞልቶ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ልብሴን አራሰው። ልጄን ትቼ በሄድኩበት ሰው አገር፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ። አሠልጣኜ ወንድ፣ ሐኪሙም ወንድ። ለማን ልናገር?»

እኔም ሁለት ወልጃለሁ፤ ይህን ግን አንድም ቀን አላሰብኩትም። አጠገቧ ተቀምጬ አብረን አለቀስን። ከዚያ «ልጅሽ ጡት እስክትተው ማን ያጣድፍሻል?» አልኳት። እሷም ለአሠልጣኟ ደውላ እውነቱን ነገረችው። እሱም «ሳልጠይቅሽ መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነው» አላት።

አንድ ዓመት ሐረር ቆየች። ጠዋት ጠዋት ልጇን እናቷ ጋ ትታ ወደ ገጠር በሚወስደው አስፋልት ትሮጥ ነበር። ወደ ውድድር ስትመለስ አራተኛ ወጣች። ሰፈሩ እልል አላለም፤ አራተኛ ለእነሱ ከምንም አይቆጠርም። አባቷ ግን በዚህኛው ጊዜ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው አዩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጨረሰች» አሉና ሊደውሉላት ስልካቸውን አወጡ።