የምንሽሬ በርሜል

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ከብቶቼን የምጠብቅበት ምንሽሬ አልሜ ስተኩስ ወደ ጎን ይስትብኝ ጀመር። ወረታ ገበያ ጠመንጃ ለሚጠግኑት ለአያ ደምሌ አሳየኋቸው። የጥይቱን ሹል አፈሙዙ ውስጥ ቢከቱት እስከ ቀለሁ ሰመጠ።

"በርሜሉ ሰፍቷል፤ ይቀየር" አሉኝ።

ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን! የልጄን አንገት ቀይር ያሉኝ ያህል ከፋኝ።

"ኧረ አያ፣ ገና ነው!"

"እንግዲያው ተኩሰህ አሳየኛ!"

ሜዳው ዳር ወጥተን ጉቶ ላይ ቅል አስቀመጡልኝ። ተኮስኩ፤ ቅሉ ንቅንቅ አላለም። ደገምኩ፤ ከኋላው ያለው ደንገል ተርገፈገፈ። ስሠልስ አያ ደምሌ በጋቢያቸው አፋቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

ድንገት አንድ ጎፈሬያም ሰው ጠመንጃውን ከራሱ በላይ አንሥቶ ከደንገሉ ወጣ። አገሩን ያስለቀሰው የከብት ዘራፊ ሽፍታ ነው! እኔም እጄን ላነሣ ምንም አልቀረኝም።

"በቃ፣ እጄን ሰጥቻለሁ!" አለ። "አንዴ በቀኝ ጆሮዬ፣ አንዴ በግራዬ፣ አንዴ በአናቴ አሳለፍክልኝ። መግደል እየቻልክ እንደማርከኝ ገብቶኛል፤ እንዳንተ ያለ አልሞ ተኳሽ አይቼ አላውቅም!"

አያ ደምሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "በርሜሉን እንዳትነካው" አሉኝ።